ያልጠፋውን ላገኙልን

ሰሞኑን በደሴ ፒያሳ ቡና ቤቶች የሚታየውን ትጋት ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው፤ የ1970ዎቹ የካሴት ዘፈን ተገኝቷልና። አግኚዎቹም ያንኑ ዘፈን «ኦርጋን የገደለው ሙዚቃ» እያሉ ሲያጣጥሉ የኖሩት ወዳጆቻችን መሆናቸው ግኝቱን ይበልጥ ያስከብረዋል፤ ንቀው የጣሉትን ጎንበስ ብሎ ማንሳት ለወገብም ለክብርም ከባድ ነው።

ያኔ ሃይማኖታቸው የ1960ዎቹ ሸክላ ነበር። የሙዚቃ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ተራ በተራ ይቆጥራሉ፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በሲዲ ያሳተመውን እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ከጥሩምባውና ከሳክስፎኑ በኋላ የመጣው ሁሉ ለእነርሱ ውድቀት ነበር። በሰዓት እላፊው ዘመን ሙዚቃው ከክበብ ወደ ካሴት መግባቱ፣ አንድ ኪቦርድም የጥሩምባ ረድፉን ሥራ ደርቦ መያዙ አይታያቸውም ነበር። የላሊበላን ጥንታዊ ስም የያዘው ሮሃ ባንድ እንኳ፣ የዘመኑን ድምፃውያን በካሴት ላይ ካሴት ሲያጅብ ኖሮ፣ ከእነርሱ ዘንድ ከሠርግ ቤት ሙዚቃ ያለፈ ማዕረግ አላገኘም።

ደግነቱ ጆሮም ንስሐ ይገባል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ የቀዳውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በዚያው አቆጣጠር በ2013 እንደገና አሳተመው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ማለትም ሰው ገዝቶ ሲሰማው በኖረበት አገር። ያው ድምፅ ሸክላ ሆኖ በዶላር ሲመለስ የወዳጆቻችን ጆሮ ወዲያው ተከፈተ። በቅርቡም አንዱ ለአንድ የባቲ ነጋዴ ባቲ የሚባል ቅኝት መኖሩን በትዕግሥት ሲያስረዳው ሰምቻለሁ፤ ነጋዴው በጨዋ ደንብ ሰምቶ የቡናውን ሒሳብ ከፍሎለታል።

ዘመኑን «ወርቃማው» ማለታቸውንም በአድናቆት እቀበላለሁ። 1977ን በወሎ የኖረች ቡና አፍይ እናት ይህን ስም ስትሰማ ጀበናዋን ረመጡ ላይ መልሳ ዝም ማለቷ የሙዚቃ ዕውቀት ማነስ ይሆናል። (እውነቱን ለመናገር እኔም በተማሪነቴ ከአጣጣዮቹ አንዱ ነበርሁ፤ ቤታችን የነበሩትን ካሴቶች በላያቸው ላይ ሌላ ሌላ እየቀዳሁ አጥፍቻቸዋለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬ የቤተሰብ ምስጋና ነው።)

ባለፈው ሳምንት ከእነዚሁ አግኚዎች አንዱ ጋር ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ አሮጌ ሚኒባስ ከፊት ተሳፈርን። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው፤ የካሴት ማጫወቻው በፕላስተር ተጠግኗል፤ ከዳሽቦርዱ ላይ ክዳን የሌላቸው ካሴቶችና ጫፉ የታኘከ ቢክ እስክሪብቶ ተቀምጠዋል። ወዳጄ ሐረጎን እስክንጨርስ ስለ ከበሮ ማሽኑ፣ ስለ ባሱ፣ ዓለምም ይህን ድምፅ እንዴት እንደተሻማበት አስተማረው። ሹፌሩ ኩርባውን እየዞረ «አብሽር ወንድሜ፣ እኔም እወደዋለሁ» ከማለት በቀር አላቋረጠውም።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ማጫወቻው ቀጭ ብሎ ቆመ። ወዳጄ ደንግጦ «አለቀ እንዴ? ከዚህ በላይ አልቀዱም?» ሲል ጠየቀ። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ካሴቱን አወጣ፤ በሁለት ጣቱ ገልብጦ መልሶ ከተተውና ድምፁን ጨመረ። ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ መቅዳት ጀመረ፤ የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ተገኝቷል።