ታይፑን ልጦ መጣል ምን የሚሉት እድገት ነው?

ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) በፈረንጆቹ ጥር 2025 ከወጣው 23.6 ጀምሮ የታይፕስክሪፕት (ጃቫስክሪፕት ላይ ታይፕ የሚጨምረው ቋንቋ) ፋይልን ያለምንም ፍላግ፣ ማለትም ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ፣ በቀጥታ ያስኬዳል። ጭብጨባው እስካሁን አልበረደም። ኖድ ግን ታይፑን፣ ማለትም ዳታው ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለውን ምልክት፣ አያጣራም፤ ይልጠዋል። የጻፋችሁትን ታይፕ በባዶ ቦታ ተክቶ የተረፈውን ጃቫስክሪፕት ያስኬዳል። በቃ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ኤዲተሩ በቀይ ያሰምርበት የለ?» ይሉኛል። ኤዲተሩ እኮ የሚያየው እናንተ የጻፋችሁትን እንጂ ደንበኛው የላከውን አይደለም! «ዋጋ» የሚል ቫሪያብል ጎን ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ «ነምበር» (ቁጥር) በሉ። ከዚያ ከሌላ ሰርቨር በጄሰን (ሰርቨሮች ዳታ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ፎርማት) የመጣ ዳታ ተቀበሉበት። ያኛው ወገን 500ን በትምህርተ ጥቅስ ከቶ ከላከው ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ሆኗል። 50 ብር የማድረሻ ደምሩበት። 550 አይመጣም፤ ጎን ለጎን ተቀጥሎ 50050 ነው። ኢረር የለም። ማስጠንቀቂያ የለም። የታይፕስክሪፕት ቼከርም ጄሰን ፓርስ (ጄሰንን የሚያነበው ፈንክሽን) የሚመልሰውን «ኤኒ» (ማንኛውም) ብሎ ስለሚያሳልፈው ትንፍሽ አይልም። ሰውየው ሃምሳ ሺህ ብር ክፈል ተብሏል፤ ኮዱ ላይ አሁንም «ነምበር» ይላል። ሱቁ ሲከፈት ወደ ቤቱ የሚሄድ ዘበኛ ማለት ይሄ ነው።

ፓይተንም ያው ነው፤ ግን ቢያንስ አልዋሸም። የፓይተን የታይፕ ሰነድ የሆነው ፔፕ 484 ታይፕን ግዴታ የማድረግ ፍላጎት እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ስንቱ የሚሳለቅበት ፒኤችፒ ግን ከ2015 ጀምሮ፣ ከቨርዥን 7 ማለት ነው፣ ፋይሉ አናት ላይ ስትሪክት ታይፕስ የሚባለውን ጥብቅ ማጣሪያ ካበራችሁ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ለሚፈልግ ፈንክሽን ስትሪንግ ስትሰጡት ታይፕ ኢረር ብሎ ቀጥ ይላል። ፈንክሽን ውስጥ ላለ ተራ ቫሪያብል አይሠራም፣ እሺ። መግቢያው ላይ መቆሙ ለእኔ ይበቃኛል።

ጭራሽ በ2022 ለጃቫስክሪፕት የቀረበው ሐሳብ ታይፖቹን ኮዱን የሚያስኬደው ኢንጂን እንደ ኮሜንት (ለሰው ብቻ እንደተጻፈ ማስታወሻ) ይዝለላቸው የሚል ነው። ሁለት ነጥቡን ለኮሜንት ካዋልነው፣ ነገ እውነተኛ ማጣሪያ ሲያስፈልገን ምን ምልክት ሊተርፈን ነው? ሁሉም የለመደውን፣ ለዓይን የሚቀለውን አጻጻፍ ለማይሠራ ነገር ሰጥተን ጨረስን።

እኔ የምለው ቀላል ነው። ሁለት ነጥብ ከተጻፈ ፕሮግራሙ ሲሄድ ይፈተሽ፤ ካልሆነም ድርብ ሁለት ነጥብ (::) ይሁንና ለሚፈተሹት ብቻ ይቀመጥ። ፍጥነት ይቀንሳል የሚል ሰው ምልክቱን አይጻፈው፤ ማንም አላስገደደውም።