ዘር የሌለው ሐብሐብ መካን አያደርግም

ስለ ሐብሐብ በሚጻፉ አስተያየቶች ላይ ደጋግሞ የሚመጣ ሐሳብ አለ። ዘር አልባ ሐብሐብ ላብራቶሪ ውስጥ የሌላ ፍጥረት ጂን የተጨመረበት ነው፣ ስለዚህ የሚበላውንም ሰው መካን ያደርጋል የሚል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ነገሩ ማዳቀል ነው። ተራ ሐብሐብ በሴሉ ውስጥ 22 ክሮሞሶም፣ ማለትም ጂኖችን የሚሸከሙ ክሮች፣ አለው። አዳቃዮች ችግኙን ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል ነክተው ቁጥሩን 44 ያደርሱታል። ይህ ተክል ከባለ 22ቱ ጋር ሲዳቀል ልጁ 33 ይይዛል። 33 ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ ዘሩም ሳይጎለምስ ይቀራል። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ኬሚካሉ የሚነካው የወላጅ ተክሉን ችግኝ እንጂ የምንበላውን ፍሬ አይደለም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሂቶሺ ኪሃራ ይህን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ ያኔ የጂን ምህንድስና የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም።

የተክሉ መካንነት ደግሞ ወደ በላተኛው አይተላለፍም። የምንበላው አትክልት፣ ፍራፍሬና ሥጋ ሁሉ ክሮሞሶም አለው፤ ሆዳችን ይፈጨዋል። አብዛኛው የገበያ ሙዝም ባለ 33 ክሮሞሶም ነው፤ ዘር የለውም።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሐብሐቡን ቁረጡና ነጫጭ፣ ለስላሳ፣ ባዶ የዘር ቅርፊቶችን ፈልጉ። ያልጎለመሱት ዘሮች እነሱ ናቸው። የዘር ማሸጊያውም ላይ «ትሪፕሎይድ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ፤ በሁለት ፈንታ ሦስት የክሮሞሶም ስብስብ ያለው ማለት ነው።

ልጅ ለመውለድ እየሞከሩ ያሉ ሰዎች በዚህ ወሬ ፈርተው ጥሩ ፍራፍሬ ቢተዉ ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ ከማጋራታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።