አያቴ አእምሮዋን አልሳተችም
ስለ አንጎልና ንግግር የጻፉት ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ግን «የንግግር ቦታ ግራው አንጎል ነው» ብሎ በአንድ መስመር ማለፉ ቆጨኝ። አያቴን ስትሮክ ሲመታት ቀኝ እጇ ዛለ፣ አፏም ተያዘ። የምንላትን ትሰማለች። ስኒ አንስተን «ይሄ ምንድን ነው?» ስንላት ግን እያወቀችው ስሙ አይወጣላትም፤ «እ... እሱ፣ እሱ» እያለች በንዴት ጭኗን ትመታለች። ማታ እናቴ «አቡነ ዘበሰማያት» ብላ ስትጀምር ግን አንድ ቃል ሳትስት እስከ «አሜን» አብራት ታደርሰዋለች! ሐኪሙ እንዳስረዳን ከልጅነት የተሸመደደ ጸሎትና ዜማ፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሲያቅትም ሊተርፍ ይችላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ያየው ሕመምተኛም «ታን» ከማለት በቀር ይህ ነው የሚባል ንግግር አልነበረውም። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ ጉዳቱ በግራ በኩል፣ ከፊተኛው ክፍል ላይ ተገኘ። የአያቴ ቀኝ እጅ አብሮ የዛለውም ግራው አንጎል ቀኙን አካል ስለሚያዝ ነው።

ደግሞ እባክዎ «አንጎል»ን እና «አእምሮ»ን አይቀላቅሉብን። ጎረቤታችን አጠገቧ ቆማ «አእምሮዋን ስታለች» ስትል አያቴ ሰምታ አልቅሳለች።