ድራማ ከሰልፍ ሜዳ ወደ ክፍል ይግባ ወይስ እዚያው ይቅር?

የመከራከሪያው ነጥብ፦ የፈጠራ ድራማ ተማሪዎች መነጋገርንና መግባባትን የሚለምዱበት መደበኛ የማስተማሪያ ዘዴ ይሁን?

ይሁን (የሰባተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት)

ድራማ ድሮም በትምህርት ቤት አለ፤ ግን ለወላጆች ቀን ነው። አምስት ልጆች የሸመደዱትን ይወጡታል፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ቆሞ ያያል። እኔ የምለው ያለ ጽሑፍና ያለ መድረክ የሚሠራውን ነው። ባለፈው ወር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ሰጠኋቸው፦ የተዋሰችውን መጽሐፍ ዝናብ ያበላሸባት ልጅ የመጽሐፉን ባለቤት ታነጋግር። ዓመቱን ሙሉ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ሌላ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ባለመጽሐፏን ሆነች። «ይቅርታውስ ይሁን፤ ነገ ፈተና አለብኝ፣ በምን ላጥና?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ እናትም ነጋዴም ሆነው የሚከራከሩ ልጆችን እኮ ዝምታ ያስተማርናቸው እኛ ነን።

አይሁን (የሒሳብ መምህር)

እህቴ ስለ አንዲት ልጅ ነገሩን። የቀሩት ስልሳዎቹስ? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ ስንት ይቀራል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ አንደበት አይጠይቅም።

ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። ደፋሩ ልጅ ዳኛ ይሆናል፣ ከገጠር የመጣው ዘበኛ ይሆናል፤ ክፍሉ በአነጋገሩ ይስቃል። ያ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አላወጣም።

ይሁን

ስለ ዘበኛው ልጅ ጋሼ እውነታቸውን ነው። እኔም በጀማሪነቴ እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ጥፋቱ ልጁን ፊት አውጥቶ ማቆሙ ነው። አሁን ማንም ከቦታው አይነሳም። ዴስክ የሚጋሩት ሁለቱ አንዱ ሻጭ፣ አንዱ ገዢ ሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ በአምስተኛው ደቂቃ ሚና ይቀያየራሉ። ሁሉም እያወራ ማን በማን ይስቃል? 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ጫጫታውን ግን አልክድም፤ ጋሼም ከጎረቤት ክፍል መጥተው ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኩተዋል።

አይሁን

ያንኳኳሁት ለጫጫታው ብቻ አይደለም። አንደበት መግራት ከሆነ በላ ልበልሃ ነበረን፤ ያ ተሟጋች ግን የሚቆመው ለርስቱ ወይም ለከብቱ ነው እንጂ ላልረጠበ መጽሐፍ አይደለም። ለአማርኛ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃው ይሁን እንበል። ሠላሳ ጥንድ በአንድ ጊዜ ሲናገር መምህርቷ ማንን ሰምተው ማንን ያርማሉ? ሁለተኛ ጊዜ ያንኳኳሁ ዕለት በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ሁለቱ «ገበያተኞች» የምር ተኮራርፈው ነበር፤ እርስዎ በበሩ በኩል ነበሩ።