ሞተሩን በባሕር ጠለል አየር የምናሰላው እስከ መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ሞተር ጉልበት በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው የሚጠራው ከፋብሪካው መግለጫ የተቀዳውን ቁጥር ነው። ሻጩ ይናገረዋል፣ ደላላው ይደግመዋል፣ ገዢውም አምኖ ይከፍልበታል። ያ ቁጥር ለባሕር ጠለል በቀረበ አየር የተሰላ መሆኑንና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠች ከተማ እንዳለ ሊወሰድ እንደማይችል ግን አንዳቸውም አያነሱም። ሻጭና ደላላ ይህን ባያውቁ አልፈርድባቸውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሊያውቁት የሚገባቸው ሰዎች፣ ማለትም እኛ መካኒካል መሐንዲሶች፣ ቴርሞዳይናሚክስ የሚያስተምሩ መምህራንና ሞተር ከፍተው የሚገጥሙ ባለሙያዎች፣ በየቀኑ የምንተነፍሰውን አየር ከስሌታችን ውጭ ማድረጋችን ነው።

የኦቶ ዑደትን (የቤንዚን ሞተር በመማሪያ መጽሐፍ የሚሰላበትን ሞዴል) ጥያቄ የሠራ ሰው ሁሉ መነሻውን በቃሉ ያውቀዋል፤ አየሩ በ100 ኪሎ ፓስካል ግፊትና በ27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ገባ ይላል። ተማሪው ይህን የሚጽፈው የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ በሆነበት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነው። የእመቃ ምጣኔው (አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) 10 ሲሆን የሞተሩ ብቃት 60 በመቶ መሆኑን አስልቶ ያወጣል፣ መልሱን በሣጥን ይከብበዋል፣ ሙሉ ነጥብም ያገኛል። በር ላይ የቆመው መኪና ከቤንዚኑ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ሢሶውን ያህል ብቻ የሆነው ለምን እንደሆነ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ራሱ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚጠይቀው የለም። ይህ ትምህርት ተማሪው ሞተር እንዲያውቅ ካላደረገው ለምን እንደሚሰጥ አይገባኝም።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከተማውን የሞላውን ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ እንውሰድ። ሞተሩ 997 ሲሲ ሲሆን ፋብሪካው በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል ይላል። ባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱን ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚሞላ፣ በዚህ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 50 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ለአየር ይከፍታል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ 85 በመቶውን እንያዝ። በባሕር ጠለል አንድ ሜትር ኪዩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን የሚገባው አየር በሰከንድ 51 ግራም ይሆናል። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ግራም አየር ስለሚፈልግ፣ ያ ሁሉ አየር የሚያቃጥለው 3.5 ግራም ገደማ ቤንዚን ነው፤ ከዚህም ወደ 150 ኪሎ ዋት ሙቀት ይገኛል። በመማሪያ መጽሐፉ 60 በመቶ ብንሄድ 90 ኪሎ ዋት እናገኝ ነበር። ነገር ግን አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ስለሚወጣ፣ ከቀረውም ላይ ሰበቃ ስለሚቀንስ፣ ሢሶውን ስንወስድ 50 ኪሎ ዋት ላይ እንደርሳለን፤ ይህም ፋብሪካው ከጻፈው 70 የፈረስ ጉልበት ጋር ይገጥማል። ስሌቱ እዚህ ድረስ በትክክል መሥራቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

አሁን ያንኑ መኪና አዲስ አበባ እናምጣው። እዚህ አንድ ሜትር ኪዩብ አየር የሚመዝነው 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሞተሩ የሚከፍተው ቦታ አልተለወጠም፣ በዚያ ቦታ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ግን ወደ 76 በመቶ ወርዷል። የአየሩ መጠን ሲቀንስ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚንም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ 50 ኪሎ ዋቱ ወደ 38 ይወርዳል፤ የፈረስ ጉልበቱም 70 መሆኑ ቀርቶ 53 አካባቢ ይሆናል። የሞተሩ ሰበቃ በከፍታ ስለማይቀንስ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህም ትንሽ ያንሳል። ሞተሩ ምንም አልሆነም፣ አንድም ብሎን አልላላም፤ የጉልበቱ ሩብ ያህል ግን የለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም። ሰው የጫነ ቪትዝ በድምሩ 1,200 ኪሎ ግራም ቢመዝንና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ልሂድ ቢል፣ ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 13 ኪሎ ዋት ይፈልጋል፤ የጎማውና የካምቢዮው ብክነት ሲደመር 17 ይደርሳል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ በባሕር ጠለል 21 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚሰጥ ያንን ዳገት በዚያው ማርሽ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን የሚሰጠው 16 ነው። ስለዚህ ሽሮ ሜዳን አልፎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሾፌር ማርሽ ቀንሶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ይህን የማያውቀው ደግሞ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ «መኪናዬ አልጎትት አለኝ» እያለ ወደ ጋራዥ ይሄዳል።

ጋራዥ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ነው ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። የአክስቴ ልጅ በቪትዙ ሰው እያመላለሰ የሚተዳደር ሰው ነው። ዳገት ላይ ደከመብኝ ብሎ አንድ ጋራዥ ሲወስደው ካንዴላዎቹን ፈቱ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚለካውን የኮምፕሬሽን ጌጅ ገጠሙ፣ ነዳጅ መስጫውን ረግጠው በሞተሪኖ አዞሩት። የአራቱም ሲሊንደሮች ንባብ 10 ባር አካባቢ ሆነ። መካኒኩ በስልኩ 13 የሚል ቁጥር አሳየውና «ወንድሜ፣ ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለው፤ ፋሻ የሚባለው ፒስተኑን የሚከብበው ማሸጊያ ቀለበት ነው። ሞተሩ ወረደ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተነሳ፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን (የክዳኑ ማሸጊያ) ተቀየረ፤ የወራት ገቢውም እዚያው ቀረ። ተገጥሞ ሲለካ ንባቡ ከበፊቱ የተለየ አልነበረም።

ሊለይም አይችልም ነበር። ፒስተኑ የሚያምቀው ከውጭ የገባውን አየር ስለሆነ፣ የጌጁ ንባብ በውጭው ግፊት ልክ ይወርዳል። ለባሕር ጠለል 13 የተባለው በ0.77 (የእኛ 77 ኪሎ ፓስካል ለ100 ሲካፈል) ሲባዛ 10 ይመጣል። ያ ጌጅ የአክስቴ ልጅ ሞተር ጤነኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ ያነበበው ሰው ግን የሌላ አገር አየር ይዞ አነበበው። ፋሻ በእርግጥ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ሌላ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር 10 ሲያሳይ ሌላው 6 ያሳያል፣ መኪናው ዘይት ይበላል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ሞተር ማውረድ የሰው ገንዘብ ማጥፋት ነው፤ ይህን በለሰለሰ ቃል ልናገረው አልችልም።

ፋብሪካዎቹ ምንም አልደበቁም። ዓለም አቀፉ የሞተር መለኪያ ደንብ የጉልበት ቁጥር ወደ 99 ኪሎ ፓስካል ደረቅ አየርና ወደ 25 ዲግሪ ሙቀት ተስተካክሎ እንዲጻፍ በግልጽ ያዛል፤ ያንን ወደ ራሳችን አየር የመመለስ ሥራ የእኛ ነበር። ነዳጅ በኮምፒውተር የሚረጩ መኪኖች የአየሩን መቅጠን በሴንሰር ለክተው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ፤ ካርቡራቶር የነበራቸው እንደ ሰማያዊና ነጩ ላዳ ያሉት ግን ለከፍታው ካልተስተካከሉ ቤንዚን ይበዛባቸውና ጥቁር ጭስ ያወጣሉ። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ቀድሞ ስለሚያምቀው የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል። የኤሌክትሪክ መኪና ለሞተሩ አየር ስለማይፈልግ ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደ፣ አሁን በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች እያረጁ ለረጅም ጊዜ አብረውን ይኖራሉ፤ ሞተር ይውረድ የሚባልበትም ጊዜ እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ የሚቀጥለውን የኦቶ ዑደት ጥያቄ እባካችሁ ከ77 ኪሎ ፓስካል አስጀምሩት፤ ተማሪው መልሱን ከአንድ እውነተኛ መኪና መግለጫ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ያስረዳ። የጋራዥ ባለቤቶችም በጌጁ ሳጥን ክዳን ላይ 0.77 ብላችሁ በማርከር ጻፉበት፤ ከመጽሐፍ ወይም ከስልክ ያገኛችሁትን ቁጥር በዚያ ሳታባዙና አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ሳታነጻጽሩ ለማንም ሰው ሞተርህ ይውረድ አትበሉ።