ማስተካከያ፦ የአፍሪካ ጎሽ የቤት ከብት ቅድመ አያት አይደለም

ስለ ከብት አመጣጥ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ላይ «የቤት ከብት የተገኘው የአፍሪካን ጎሽ በማላመድ ነው» የሚለው አገላለጽ ትክክል ስላልሆነ እንደሚከተለው ተስተካክሏል።

ጎሽና ከብት፣ ከበግ፣ ከፍየልና ከድኩላ ጭምር ጋር፣ ቦቪዴ በሚባለው ቤተሰብ ሥር ቢመደቡም ጎሽ ሲንሰረስ፣ ከብት ደግሞ ቦስ በተባለው ጂነስ (ከቤተሰብ በታች ባለ የምደባ ክፍል) ውስጥ ይገኛሉ። የሳቫናው ጎሽ 52፣ ከብት ግን 60 ክሮሞሶም አላቸው። በመልክ መመሳሰላቸው ብዙዎችን ማሳሳቱ አያስገርምም።

የከብት የዱር ቅድመ አያት በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አፍሪካ ይኖር የነበረው አውሮክስ ሲሆን፣ የመጨረሻዋ አውሮክስ እ.ኤ.አ. በ1627 በፖላንድ ያክቶሩፍ ደን ውስጥ ሞታለች። ማላመዱም በአንድ ቦታ ብቻ አልተከናወነም፤ ሻኛ የሌለው ከብት ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ፣ ሻኛ ያለው ዜቡ ደግሞ ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት በኢንደስ ሸለቆ፣ ቀደም ብለው ከተለያዩ የአውሮክስ ሐረጎች ተላምደዋል። ሁለቱ ተዳቅለው መውለድ የሚችል ጥጃ ስለሚያስገኙ፣ አንዳንድ ሊቃውንት እንደ አንድ፣ ሌሎች እንደ ሁለት ዝርያ ይቆጥሯቸዋል፤ የስያሜ ልዩነቱ ግን የአመጣጡን ታሪክ አይለውጠውም።

የኢትዮጵያም ከብቶች በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ ሐረጎች ድብልቅ ናቸው። በደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና በቆላ ዝንብ (ፀፀ) የሚተላለፈውን የገንዲን በሽታ በመቋቋም የሚታወቀው የሸኮ ከብት እንኳ፣ ሻኛው እጅግ አነስተኛ ወይም ጭራሽ የሌለ ቢሆንም፣ በዘረመሉ የዜቡን ደም ይዟል።