ከማሻሻያው በፊት ታይምሺፍትን ክፈቱ

ስለ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሲስተም) ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጀማሪዎችን «ማሻሻያ እንደመጣ ቶሎ ጫኑ» ይላል። ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጨመርበት፦ መጀመሪያ ታይምሺፍት በሚባለው ፕሮግራም የሲስተሙን ቅጂ አስቀምጡ። እኔ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ማሻሻያ እየጫነ ሳለ መብራት ድርግም አለ። መልሼ ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ብቻ! የልጄ የትምህርት ቤት ሥራ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስለነበር ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ያተረፈኝ ታይምሺፍት ነው። ሊኑክስ ሚንት በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አብሮ ይመጣል። ሚንትን ከፍላሽ አስነሳሁና ከሦስት ቀን በፊት የተቀመጠውን ቅጂ መለስኩ። በቃ፣ ተነሳ። የልጄም ፋይሎች እንዳሉ ነበሩ። ስለዚህ ሲስተሙን የጫናችሁበትን ፍላሽ አታጥፉት፤ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ይህን ግን ልብ በሉልኝ፦ የታይምሺፍትን ቅንብር ካልነካካችሁ የሚያስቀምጠው ሲስተሙን እንጂ ፎቶና ሰነዳችሁን አይደለም። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ እነሱም አብረው ይሄዳሉ። ለብቻቸው ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጧቸው። እኔ እሁድ እሁድ ቡና እስኪፈላ እገለብጣለሁ።

አማርኛ መጻፍ ላስቸገራችሁ ደግሞ፣ ከሶፍትዌር ማኔጀሩ «አይባስ ኤም17ኤን» (ibus-m17n) የሚባለውን ጫኑ። በላቲን ፊደል እንደ ድምፁ ስትጽፉ ግዕዙን ያወጣላችኋል። ማሽናችሁ 4 ጊጋ ራም ብቻ ካለው ኤክስኤፍሲኢ (Xfce) የሚባለውን የሚንት ዕትም ምረጡ፤ ቀለል ይላል።